ሁለት ሌሊት በስፔርሎንጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሮም መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዘመድ ወዳጅ ሲመጣ አስጎብኚው እኔ ነኝ። ከስቶክሆልም ይመጣሉ፣ ከዋሽንግተን ይመጣሉ፣ ከቴል አቪቭ ይመጣሉ፣ አልፎ አልፎም ከአዲስ አበባ። ኮሎሲየምን አይተው፣ ቫቲካን ተሰልፈው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ፦ «እግሬ አለቀ፤ አረፍ የምልበት ቦታ የለም?»

አለ። ስፔርሎንጋ ይባላል። ይህን ካልኩ በኋላ ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ደግሞ ሁሌም ያው ነው። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስፔርሎንጋ የት ነው? ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ከሮም ወደ ናፖሊ በሚወስደው የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ከሁለቱ ከተሞች መሃል አካባቢ ነው። ነዋሪው 3,000 ገደማ ነው። ከተራራው ወጥቶ እንደ አፍንጫ ወደ ባሕሩ የገባ አለት አለ። አሮጌው መንደር እዚያ አለት ጫፍ ላይ፣ ከባሕሩ 55 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከአለቱ በግራና በቀኝ ረጅም አሸዋማ ዳርቻ ተዘርግቷል። ምሥራቁ ሌቫንቴ፣ ምዕራቡ ፖኔንቴ ይባላል።

ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ብቻ ነው። ቤቶቹ በኖራ ተቀብተው ተደጋግፈው ቆመዋል። ቀረብ ሲሉ ደግሞ መንገዱ ይጠፋል። መንገድ የሚባለው ደረጃ ነው። ደረጃው ቅስት ሥር ይገባል፤ ቅስቱ ደግሞ ከላይ የሰው ቤት ወለል ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይተላለፍም፤ አንዱ ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፋል። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ትከሻው ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ይወጣል። እኔ አሁን ለዚያ መንገድ ብዬ ነጭ ሸሚዝ ነው የምይዘው።

መሃል ላይ ትንሽዬ አደባባይ አለች። እኛ ዘንድ ፒያሳ የአንድ ሰፈር ስም ነው። እነሱ ጋ አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ፒያሳ እንገናኝ» ሲባል ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ለምን ኮረብታ ላይ ሰፈሩ? ውኃው ታች አይደለም እንዴ?

ይህን ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው፤ አምባ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በመካከለኛው ዘመን ባሕሩ ሲሳይ ብቻ ሳይሆን አደጋም ያመጣ ነበር። የባሕር ወንበዴ ድንገት ይደርሳል፣ ይዘርፋል፣ ሰው ማርኮ ይወስዳል። አለቱ ላይ ያለ ሰው ግን ሸራውን ከሩቅ ያየዋል። የመንገዱ ጥበትና መጠማዘዝም ለዚሁ ነው። እንግዳ ሰው ከገባ ይጠፋል፤ ብዙ ሆኖም መግባት አይችልም።

እንዲያም ሆኖ ሁሌ አላዳናቸውም። በ1534 የኦቶማን የባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው ሃይረዲን ባርባሮሳ መጣ። ወሬው እንዲህ ነው፦ ጎረቤት ከተማ ፎንዲ ላይ ጁሊያ ጎንዛጋ የምትባል በውበቷ የታወቀች ባላባት ትኖር ነበር፤ እሷን ይዞ ለሱልጣን ሱሌይማን ሊያቀርብ ፈለገ። እሷ በሌሊት አመለጠች። እሱ ስፔርሎንጋንም ፎንዲንም አወደመ። በዚያው ዓመት እኛ አገር የግራኝ ጦርነት ላይ ነበርን፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ የሚሸሹበት ጊዜ። ያንን ሳስብ የስፔርሎንጋ ደረጃ የባዕድ አገር ደረጃ አይመስለኝም።

አለቱ ጫፍ ላይ፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ ቶሬ ትሩልያ የምትባል የጥበቃ ግንብ አለች። ባርባሮሳ ያፈረሳት፣ በኋላም እንደገና የተሠራች ናት። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ አካባቢ ቁጭ በሉ። በስተ ምዕራብ ሞንቴ ቺርቼዎ የሚባለው ተራራ ከባሕር የወጣ ደሴት መስሎ ይታያል። ሰማዩ ከጠራ ደግሞ የፖንዛ ደሴቶች ይታያሉ።

ጠዋት ሄጄ ማታ ብመለስስ?

ይቻላል። ግን አታድርጉት።

እኔም መጀመሪያ የሄድኩት እንደዚያ ነበር። ነሐሴ ነው፣ እሁድ ነው። ዳርቻው ላይ ፎጣ የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረም። መንደሩ ውስጥ ሰው በሰው ላይ። ሙቀቱ ከነጩ ግድግዳ እየተመለሰ ፊት ያቃጥላል። «ይሄ ነው እንዴ ያሞገሱት?» አልኩ። የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት በደንብ አላየሁም ነበርና እሱም አመለጠኝ። ጥፋቱ የኔው ነው።

አንዲት የሱቅ ባለቤት ግራ ሲገባኝ አይታ ወደ ቤተ ዘመዷ ደወለች። ከላይ፣ ከቅስቱ በላይ፣ አንድ ክፍል የምታከራይ አሮጊት ነበረች። ቁልፉን ሰጠችኝ፤ ቁልፉ የእጄን መዳፍ የሚያክል ብረት ነው። ታጠብኩና ወጣሁ። ሌላ መንደር ሆኖ ጠበቀኝ።

የቀን ጎብኚው ሄዷል። የመንደሩ ሰዎች ወንበር አውጥተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከየመስኮቱ የቲማቲም ስጎ ይሸታል። ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ሳልፍ «ቦና ሴራ» ይሉኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ከኋላ የባሕሩ ድምፅ አለ። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወደ ዳርቻው ወረድኩ። አሸዋው ቀዝቃዛ ነው። ውኃው እንደ ብርጭቆ ረግቷል። ከአንድ ውሻ ከሚያናፍሱ ሰውዬ በስተቀር ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ለማንም «ለአንድ ቀን ሂድ» ብዬ አላውቅም። ትንሹ ሁለት ሌሊት ነው። የመጀመሪያው ቀን በመድረስ ያልቃል። ሁለተኛው ቀን ሙሉውን የእናንተ ነው፤ ምንም አታቅዱበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ባሕሩን አንዴ ትሰናበታላችሁ። ስፔርሎንጋ የሚታይ ነገሩ በሁለት ሰዓት ያልቃል። የሄዳችሁት ግን ለማየት ሳይሆን ለመቀመጥ ነው።

እንዴት ነው የሚኬደው?

በባቡር ነው፤ ቀላል ነው። ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ከሮማ ተርሚኒ፣ በፎርሚያ በኩል ወደ ናፖሊ የሚሄደውን የክልል ባቡር ያዙ። የምትወርዱበት ጣቢያ ስሙ «ፎንዲ ስፔርሎንጋ» ይባላል። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ፈጣኖቹ ባቡሮች በሌላ መስመር ስለሚሄዱ እዚያ አይቆሙም፤ ስለዚህ ውድ ቲኬት አያስፈልግም። ከናፖሊ ለሚመጣም መስመሩ ያው ነው።

ከጣቢያው እስከ መንደሩ በአውቶቡስ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ እሁድና በዓል ቀን አውቶቡሱ በጣም ይቀንሳል። ከመሄዳችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓትም እዩ። ሌላው የእኛ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ሰዓቱ ራሱ ነው። መርሐ ግብሩ ላይ 20 ከተባለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። አንድ ዘመዴ 8 ላይ ስድስት ጨምራ፣ ስድስት ቀንሳ፣ በመጨረሻ ባቡሩ ሄደባት።

የወረቀት ቲኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት መድረኩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ማሽን ላይ አስመቱት። ካላስመታችሁት ቲኬት እያላችሁም ትቀጣላችሁ። በአየር ለሚመጡ፦ ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ተርሚኒ ድረስ ቀጥታ ባቡር አለ፤ 32 ደቂቃ ይፈጃል። የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራም የሚያርፈው ፊዩሚቺኖ ነው።

ቪዛ ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከኢትዮጵያ፣ ከገልፍ አገሮች ወይም ከእንግሊዝ ለሚመጣ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። በጀርመን፣ በስዊድን ወይም በሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ መምጣት ይችላል። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ዜግነት ያለው ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያል።

መቼ ልሂድ?

ግንቦት አጋማሽ፣ ሰኔ፣ ወይም መስከረም። የኔ ምርጫ መስከረም ነው። ባሕሩ የእነሱን በጋ ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ውኃው ለብ ብሎ ይቆያል፤ ሰዉ ግን ወደ ሥራው ተመልሷል። እንቁጣጣሽን ሁለቴ እዚያ አሳልፌያለሁ። አደይ አበባ የለም፤ በምትኩ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ደማቅ ሐምራዊ ቡገንቪላ አለ።

ነሐሴ አጋማሽን ሽሹ። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል ነው፤ ጣሊያን በሙሉ ባሕር ይወርዳል። የመኝታ ዋጋ ይሰቀላል፣ ክፍልም አይገኝም። የሚገርመው በዓሉ የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ነው። እኛ በዚያ ቀን ገና ሱባኤው ላይ ነን፤ የኛ ፍልሰታ ከሳምንት በኋላ ነው። አንድ በዓል፣ ሁለት አቆጣጠር። እነሱ ሲያከብሩ እኛ እየጾምን ነው።

የእነሱ ክረምት ላይስ? ከኅዳር እስከ የካቲት ብዙው ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋል። ጸጥታ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይወደዋል።

ስለ ንጉሡ ዋሻ ሰምቻለሁ። ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመንደሩ ስም ራሱ የመጣው «ስፔሉንካ» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ዋሻ ማለት ነው። ከሌቫንቴ ዳርቻ ጫፍ፣ በአሸዋው ላይ በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ትልቅ የተፈጥሮ ዋሻ አለ። የጢባርዮስ ቄሣር የመዝናኛ ቤት ክፍል ነበር።

የትኛው ጢባርዮስ? የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን ክፈቱ። መጥምቁ ዮሐንስ መስበክ የጀመረው ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በ15ኛው ዓመት ነው ይላል። ጌታ ሲሰቀል የነበረው ቄሣር እሱ ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «እዚያው እሱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ?» ብላ ዝም አለች። አዎ፣ እዚያው።

ዋሻው ውስጥ ክብ ገንዳ አለ፤ ከፊቱ ደግሞ አራት ማዕዘን ገንዳ። አራት ማዕዘኑ መሃል ላይ ትንሽ ደሴት ተሠርታ ነበር። ቄሣሩና እንግዶቹ እዚያች ደሴት ላይ ተጋድመው ይበሉ ነበር። ዙሪያቸውን ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ዓሣ፣ ፊታቸው በመብራት የደመቀ ዋሻ፣ ዋሻው ውስጥ ግዙፍ የእብነ በረድ ሐውልቶች። ዛሬም ገንዳው ውስጥ ዓሣ አለ። ጠርዙ ላይ ስትቆሙ ጥላችሁን አይተው ይጠጋሉ።

በ26 ዓ.ም. እራት ላይ ሳሉ የዋሻው ጣሪያ ተናደ። አሽከሮች ሞቱ፣ እንግዶች ሸሹ። ሴያኑስ የሚባለው የክብር ዘቡ አዛዥ ግን በጉልበቱና በእጁ ቆሞ በገዛ ገላው ቄሣሩን ሸፈነ። ታሪኩን የጻፈው የጥንቱ የሮም ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ነው። ጢባርዮስ ከዚያ በኋላ ሴያኑስን ያለ ጥርጣሬ አመነው። በ31 ዓ.ም. ግን በእሱው ትእዛዝ ተያዘና ተገደለ። የቤተ መንግሥት ፍቅር እንግዲህ እንደዚህ ነው።

ሐውልቶቹ ከዚያ ወዲያ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሰባብረው ተቀበሩ። በ1957 የባሕር ዳርቻው አዲስ መንገድ ሲሠራ ወጡ። በሺዎች የሚቆጠር ስብርባሪ ነበር። አንዱ ስብስብ የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግናው ኦዲሴዎስና ጓደኞቹ አንድ ዓይና የሆነውን ግዙፍ ፖሊፌሞስን አስክረው ዓይኑን በእንጨት ሲወጉት ያሳያል። ሌላው ስኪላ የተባለችው የባሕር ጭራቅ ከመርከብ ላይ መርከበኞችን ስትነጥቅ ነው። መርከቡ ላይ የሦስት የሮድስ ደሴት ቀራፂዎች ስም ተቀርጾ ተገኘ፦ አቴኖዶሮስ፣ ሃጌሳንድሮስ እና ፖሊዶሮስ። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሊኒ ቫቲካን ያለውን ታዋቂውን የላኦኮን ሐውልት የሠሩት እነዚሁ ስሞች ያሏቸው ሰዎች ናቸው ብሎ ጽፏል። ወሬው በአንድ ጊዜ ዓለምን አዳረሰ።

አሁን የምወደው ክፍል ይመጣል። ስብርባሪው ተጭኖ ወደ ሮም ሊሄድ ነበር። የመንደሩ ሰው መንገድ ዘጋ። ዓሣ አጥማጁ፣ ገበሬው፣ ሴቱ፣ ሁሉም ወጥቶ «የኛ ነው፣ ከዚህ አይወጣም» አለ። አልወጣምም። በ1963 እዚያው ከዋሻው አጠገብ ሙዚየም ተከፈተ። ቅርስ ተወስዶበት ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ታሪክ ልብ ያሞቃል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 እስኪመለስ ድረስ ስንት ዓመት እንደጠበቅን የምናውቅ ሰዎች ነን።

ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጉ። ከስኪላ እጅ ሥር፣ አንድ መርከበኛ አለ። አውራ ጣቷና ጣቶቿ ጸጉሩ ውስጥ ገብተዋል፤ ጭንቅላቱን እንደ ኳስ ጨብጣዋለች። የጸጉሩ ጉንጉን በጣቶቿ መሃል ሲወጣ በግልጽ ይታያል። ድንጋይ መሆኑን እረሳለሁ።

ሙዚየሙ የመንግሥት ስለሆነ በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ መግቢያው ነፃ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ከዚያ በሌቫንቴ ዳርቻ እግራችሁን ውኃ እያስነካችሁ ተመለሱ።

ምን ይበላል? ጾመኛ ብሆንስ?

አካባቢው የጎሽ ወተት ሞዛሬላ አገር ነው። ፎንዲ ሜዳ ላይ ይረባሉ። ጠዋት የተሠራ ሞዛሬላ ስትቆርጡት ነጭ ውኃ ያፈሳል፤ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ግን ጣዕሙ ይሞታል። ከጋኤታ የሚመጣ ትንሽዬ ወይራ አለ። የስፔርሎንጋ ነጭ ሴለሪም አለ፤ በአውሮፓ ኅብረት ደረጃ ስሙ የተጠበቀለት ነው። ጥሬውን በወይራ ዘይትና በጨው ይበላል። ይንኮሻኮሻል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ አትራቡም። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው። ፓስታ በቲማቲም ስጎ እዘዙና «ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ፤ ያለ አይብ ማለት ነው። ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለውም፤ በእጅ የተሠራው ትኩሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አለው፤ ጠይቁ። ባቄላ ነገር ሲያምራችሁ ፓስታ ኤ ፋጆሊ አለ። አንዳንድ ቤት ውስጥ ግን የአሳማ ሥጋ ጣል ያደርጉበታል። «ሴንሳ ማያሌ» የምትለዋን ቃል ያዙ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ለክርስቲያኑም፣ ለሙስሊሙም፣ ለቤተ እስራኤሉም ትሠራለች።

ዓሣን በተመለከተ፦ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ብዙ ሰው አለን። እዚያ ደግሞ ዋናው ምግብ ኦክቶፐስ፣ ካላማሪ፣ ሽሪምፕና ቅርፊቱን ከፍቶ የሚበላ የባሕር ነገር ነው። ቲየላ የምትባለው የጋኤታ ኬክ መሳይ ቂጣም ብዙ ጊዜ ውስጧ ኦክቶፐስ ነው። «ፍሪቶ ሚስቶ» ካላችሁ ሁሉንም ደባልቀው ጠብሰው ያመጣሉ። ኦራታ ወይም ስፒጎላ እዘዙ። ሁለቱም ክንፍም ቅርፊትም ያላቸው ዓሣዎች ናቸው፤ ሙሉውን ጠብሰው በሎሚ ያቀርባሉ።

ምሳ ከ6፡30 እስከ 8፡30 አካባቢ ነው፤ እራት ከምሽቱ 1፡30 በኋላ። በመሃል ወጥ ቤቱ ይዘጋል። ሂሳቡ ላይ የዳቦ የሚባል ትንሽ ክፍያ ልታዩ ትችላላችሁ። የተለመደ ነው እንጂ አላታለሏችሁም።

ማኪያቶ ሳዝዝ ለምን ትንሽ ሆነብኝ?

የእነሱ ማኪያቶ ኤስፕሬሶ ላይ የወተት ጠብታ ጣል ያደረጉበት ነው። ሁለቴ ብትጎነጩት ያልቃል። የኛን ማኪያቶ የሚመስል ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ በሉ። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ ወተት ነው የሚመጣው። ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ከመቀመጥ ይረክሳል።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ልውሰዳት?

ውሰዷት፤ ግን ላይኛው መንደር ውስጥ ክፍል አትያዙ። ላይ መኪና አይገባም፣ ሁሉም ደረጃ ነው፣ ሻንጣ በትከሻ ነው። የሕፃን ጋሪም እንደዚያው። ከታች፣ ዳርቻው አጠገብ፣ መሬቱ ሜዳ የሆነበት ሰፈር አለ። እዚያ ያዙላት። ጠዋትና ማታ ዳርቻ ዳርቻውን ትሄዳለች። አንድ ቀን በዝግታ፣ እያረፈች፣ ፒያሳዋ ድረስ ትውጣ። አክስቴን 72 ዓመቷ ላይ ወስጃታለሁ። በየቅስቱ ሥር እየተቀመጠች ወጣች። ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ባሕሩን አየችና «እሰይ» አለች። ለአንድ ሰዓት ያህል ከወንበሯ አልተነሳችም።

ዋና አልችልም። ዳርቻው ላይ ምን እሠራለሁ?

ብዙዎቻችን አንችልም፤ ደጋ ነው ያደግነው። የስፔርሎንጋ አሸዋ ወደ ውኃው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ ብዙ ሜትር ገብታችሁም ውኃው ወገብ አካባቢ ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ግን አትግቡ።

ዳርቻው ሁለት ዓይነት ነው። ሊዶ የሚባለው ጥላና ተጋዳሚ ወንበር በክፍያ የሚያከራይ ነው። «ስፒያጃ ሊቤራ» የተባለው ነፃ ነው፤ ፎጣችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከታላላቆች ጋር ከሆናችሁ ለጥላው ክፈሉ። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ለጥቁር ቆዳም አይራራም። ክሬም ተቀቡ።

ሐበሻ ስሆን የሚያስቸግረኝ ነገር ይኖር ይሆን?

ይህን ሰው በሹክሹክታ ነው የሚጠይቀኝ። በግልጽ ልመልስ። እኔን ክፉ የነካኝ የለም። የመንደሩ ሰው ሰላምተኛ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ያውቃችኋል። አልፎ አልፎ ዳርቻው ላይ ከሩቅ የመጣ ጎብኚ ሻጭ መስዬው ያውቃል። ዳርቻው ላይ ከባንግላዴሽና ከሴኔጋል የመጡ ልጆች ፎጣና መነጽር እየዞሩ ይሸጣሉ። መጀመሪያ ጊዜ ተናድጄ ነበር። በኋላ ከአንዱ ልጅ ጋር ተጫወትኩ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አሸዋ፣ ቀኑን ሙሉ ሸክም ይዞ ይሄዳል። አሁን ውኃ ይዤ ስወርድ አንድ ጠርሙስ ጨምሬ ነው። ባቡር ላይ መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ፓስፖርታችሁን ወይም የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ክፍል ውስጥ አትተዉ።

ጣሊያንኛ አልችልም። እንግሊዝኛ ይበቃኛል?

ሆቴልና ሊዶ ላይ ይበቃል። ሱቅና አውቶቡስ ላይ በምልክት ነው። ሳታስቡት ግን ብዙ ቃል ታውቃላችሁ፦ ፓስታ፣ ባንኮኒ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ፋብሪካ። ሲገቡ «ቦንጆርኖ»፣ ሲወጡ «ግራሲዬ» ካላችሁ ፊታቸው ይበራል።

አንድ ቀን ቢተርፈኝ ወዴት ልሂድ?

ጋኤታ ሂዱ። ከ20 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። እዚያ ሞንታኛ ስፓካታ የሚባል ከላይ እስከ ባሕሩ የተሰነጠቀ ገደል አለ። ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት «ዓለቶችም ተሰነጠቁ» የተባለው ያኔ የተሰነጠቀ ነው ብለው የአገሩ ሰዎች ያምናሉ። ገዳም አለበት፤ በስንጥቁ መሃል ደረጃ ይወርዳል። ሁለቱን ግድግዳ በሁለት እጅ ዘርግታችሁ የምትነኩበት ቦታ አለ። ድንጋዩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ታች ባሕሩ ሲገባና ሲወጣ ይሰማል። በአንድ ጉዞ የጢባርዮስን ዋሻና ይህን ስንጥቅ ማየት ለኛ ዓይነት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ወንጌል ያነበበ ሰው ሁለቱን ያገናኛል።

በሌላ በኩል ቴራቺና አለ፤ ተራራ ላይ ዩፒተር የሚባለው የጥንት ሮማውያን አምላክ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ያለበት። እሱም ደስ ይላል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ግን አትሞክሩ፤ ለማረፍ ነው የመጣችሁት።

በመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን የት ላስቀምጥ?

ክፍሉን ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ታስረክባላችሁ። አከራዮቹ ሻንጣ እስከ ማታ ያስቀምጡላችኋል፤ ገና ስትገቡ ጠይቁ። የዋና ልብስና ፎጣ ከላይ አስቀምጡ። ከዚያ ወደ ሌቫንቴ ውረዱ፣ ዋኙ፣ ዳርቻው ላይ ባለው ሻወር ጨዉን አራግፉ፣ ልብስ ቀይሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ፎንዲ የሚወስደውን አውቶቡስ ያዙ። አውቶቡሱ ውስጥ በቀኝም በግራም ተቀመጡ፣ መጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ወደ ኋላ ዞራችሁ እዩ፤ ነጩ መንደር እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያል።